ወይዘሮ ቆይና አዲሱ ኮምፒውተር

ታላቅ እህቴን የሚያውቃት ሁሉ «ወይዘሮ ቆይ» ነው የሚላት። ሥራዋ አቤቱታ መተየብ ነው፤ ሱቋም ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ሕንፃ ደረጃ ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ባለጉዳይ እያለከለከ ገብቶ «ቶሎ በይልኝ፣ ሊዘጋ ነው» ሲላት መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ታወርድና «ቆይ፣ መጀመሪያ የተከሳሹን ስም አስተካክለህ ንገረኝ» ትላለች። ሰውዬው ይንጨረጨራል። እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ፊደል በፊደል ታስደግመዋለች።

እኔ ደግሞ ታክሲ ነጂ ነኝ። ትዕግሥት ቢኖረኝ ሌላ ሥራ እይዝ ነበር። መብራቱ ገና ቀይ እያለ ከኋላችሁ ጥሩምባ የሚነፋ ሰው ካለ፣ ዞር ብላችሁ አትሳደቡ፣ እኔ ልሆን እችላለሁ። የዚህች ሴት ወንድም ሆኜ እስከ ዛሬ ደም ግፊት ያልያዘኝ በምን ተአምር እንደሆነ አላውቅም።

እናታችን ጡረታ እስክትወጣ ድረስ አውቶቡስ ተራ ድምፅ ማጉያ ላይ ነበረች። የሚነሣውን አውቶቡስ፣ የተረሳውን ሻንጣ፣ የጠፋውን ልጅ የምትጠራው እሷ ናት። ቤት ስትገባም ማጉያውን መዝጋት የረሳች ይመስል ነበር፤ እኛን ስትቆጣ ጎረቤት ሁሉ ይታረማል። ባለፈው ዓመት ስትሮክ መታትና ቀኝ እጇንና ንግግሯን ይዞባት ሄደ። የምንላት ሁሉ ይገባታል፣ ቃሉ ግን አልወጣ አላት። ያ ሁሉ ድምፅ የነበረበት ቤት ጭር ሲል ሆድ ያስብሳል።

ንግግር የምታለማምዳት ባለሙያ አንድ ቀን «ድሮ ስታወራ የቀዳችሁት ነገር ካለ አሰሟት። እንዲህ ይሆናል ብዬ ተስፋ አልሰጣችሁም፤ ግን የራስን ድምፅ መስማት አንዳንዴ ይረዳል» አለችን።

አለን እኮ! ከመታመሟ በፊት እህቴ ስለ ልጅነታችን እያስወራች በስልኳ ቀድታት ነበር። ስልኩ በኋላ ተሰረቀ። የቀረው በፍላሽ ተገልብጦ የነበረው ብቻ ነው፤ ፍላሹ ደግሞ የምስማሩ ፍላሽ።

የምስማሩ ፍላሽ ማለት እንዲህ ነው። ፍርድ ቤቱ ፊት ያሉት ታይፒስቶች ሁሉ በራቸው ላይ ምስማር፣ ምስማሩ ላይ በክር የታሰረ ፍላሽ አላቸው። የአንዷ ማተሚያ ቀለም ሲጨርስ ባለጉዳዩ ፍላሹን ከምስማሩ አንሥቶ ጎረቤት ሱቅ ያሳትምና መልሶ ይሰቅላል። በማንም ኮምፒውተር የሚሰካ፣ የማንም እጅ የሚነካው ነገር ነው። እህቴም የእናታችንን ድምፅ የገለበጠችው ያን ቀን አጠገቧ የነበረው እሱ ስለሆነ ነው። ሲዞር ሲዞር ከአንዱ ሱቅ ቫይረስ ይዞ መጣ። ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት፣ ማለትም ባዶ የአቋራጭ ምልክት ብቻ ሆኑ፤ ሲነኳቸው ምንም የለም። የእህቴ ሱቅ ኮምፒውተርም በዚያው ሰሞን አልነሣም ብሎ ቀረ።

እህቴ ፍላሹን ከምስማሩ አውርዳ በመሐረብ ጠቀለለችና መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት። «አዲስ ኮምፒውተር እስክገዛ ማንም የትም አይሰካውም» አለች። እኔ በየኢንተርኔት ቤቱ ይዤው ልዞር ነበር የፈለግሁት። ቁልፉን አልሰጠችኝም።

ኮምፒውተሩ የተገዛ ሰሞን እሁድ ካርቶኑን ተሸክሜ እናታችን ክፍል አስገባሁት። እማዬ መስኮቱ አጠገብ ወንበሯ ላይ ናት። ጠረጴዛውን አጠገቧ አስጠግተን ኮምፒውተሩን አቆምነው። እኔ እጄን ዘርግቼ «በይ እትዬ፣ ፍላሹን አምጪው» አልኩ።

«ቆይ» አለች።

መጀመሪያ የይለፍ ቃል አለች። «የእማዬን ስም አድርጊዋ፣ አይረሳም» አልኳት። «አውቶቡስ የተሳፈረ ሁሉ የሚያውቀውን ስም? ዞር በል» አለችኝና ጎልማሳውን ሰውዬ እንደ ተቀጣ ተማሪ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞረችኝ። ረጅም ዓረፍተ ነገር ስትጽፍ ይሰማኛል፤ ጣቷ አላቆም አለ። እማዬ በግማሽ አፏ ሳቀችብኝ።

ቀጥሎ ለየቀኑ ሥራ የሚሆን ሌላ መግቢያ ከፈተች፤ በእሱ የገባ ሰው ያለ እሷ የይለፍ ቃል አዲስ ፕሮግራም መጫን አይችልም። ከዚያ ከስልኬ ኢንተርኔት አገናኘችና አፕዴት ጀመረች። ያወርዳል፣ ይጭናል፣ ይጠፋል፣ ይበራል፣ አሁንም ቀረኝ ይላል። ደሜ ፈላ። «ከፋብሪካ አሁን የወጣ ዕቃ ምኑ ነው የሚታደሰው?» አልኳት። «ካርቶን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ሌቦቹ አልተኙም። እነሱ ያገኙትን ቀዳዳ ነው የሚደፍነው» አለችኝ። ወዲያው አንቲቫይረሱ መሥራቱን አየች፤ ፍላሽ ሲሰካ በራሱ እንዳይከፍት አደረገች። ኮምፒውተር ነው ወይስ ሙሽራ የምናዘጋጀው አልኳት።

በዚህ መሃል ከእህቴ ሱቅ ቀጥሎ ያለው ታይፒስት እማዬን ሊጠይቅ መጣ። «ዶክተር» ነው የምንለው፤ የማንም ኮምፒውተር ቢታመም አንድ መድኃኒት ብቻ ስለሚያዝ። እማዬን ጉልበቷን ስሞ እንደተቀመጠ ከኪሱ ፍላሽ አወጣ። «እትዬ፣ ሁሉም ፕሮግራም እዚህ ላይ አለልሽ። የክፍያ ቁልፋቸው የተሰበረ ነው፣ በነፃ።»

«እግዜር ይስጥህ። ቁልፉ የተሰበረ ዕቃ ግን ቤቴ አላስገባም» አለች።

«ያንን የታመመውን ፍላሽስ? ፎርማት አድርጊውና ተገላገይ።»

ፎርማት ማለት ጠራርጎ ማጥፋት መሆኑን እኔ እንኳ አውቃለሁ። እማዬ ፊቷ ተለዋወጠ፤ በደህና እጇ የወንበሩን ክንድ መታች። ዶክተር ደንግጦ ፍላሹን ወደ ኪሱ መለሰ። ሲወጣ እኔ ነኝ በሩን የከፈትኩለት፤ ትንሽ ፈጠን አድርጌ።

በመጨረሻ መሐረቡ ተፈታ። እህቴ ፍላሹን ሰካችና ሳትከፍተው አንቲቫይረሱ እንዲፈትሸው አዘዘች። ቀይ ምልክት መጣ፣ የተገኘውን አጠፋ። ከዚያ ከፈተችው።

ባዶ ነው።

ክው አልኩ። «አጠፋሽው! ቆይ ቆይ ስትዪ የእናቴን ድምፅ አጠፋሽው!» ብዬ ጮህኩባት። እማዬ ዓይኗ እንባ ሞላ። እህቴ መነጽሯን አውልቃ በመሐረቡ ጠረገችና መልሳ አደረገች። ድምፅዋ ያው ነበር።

«ቆይ። ቫይረሱ ደብቆት እንደሆነስ?»

የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ የሚለውን ፈልጋ ነካች። አንድ ፎልደር ደብዘዝ ብሎ ብቅ አለ። «እማዬ» ይላል። እኔ «ክፈቺው!» ስል እሷ እየገለበጠች ነበር፤ መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ላይ፣ ቀጥላ አብራ በገዛችው በኪስ የሚያዝ ሃርድ ዲስክ ላይ። ሃርድ ዲስኩን ነቅላ እጄ ላይ አስቀመጠች። «ይሄ አንተ ቤት ይቀመጣል። እዚህ እሳት ቢነሣ፣ ሌባ ቢገባ፣ አንተ ጋ አለ» አለችኝ። ስጮህባት የነበርኩት ሰውዬ ሃርድ ዲስኩን በደረት ኪሴ ከትቼ ቆለፍኩበት።

ያን ጊዜ ነው ያጫወተችው።

በመጀመሪያ የወንበር መንቋቋት ተሰማ። ከዚያ ያ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። «አንድ ጊዜ፣ ፀጉሬን ላስተካክል።» የእህቴ ድምፅ «እማዬ፣ ፎቶ አይደለም፤ ድምፅ ብቻ ነው» ይላል። «ድምፅ ቢሆንስ? ተጎሳቁዬ ልሰማ ነው?»

ወንበሩ ላይ ያለችው እናታችን ግራ እጇን አንሥታ ፀጉሯን አስተካከለች። አሳቀችንም አስለቀሰችንም።

ድምፁ ቀጠለ፤ እኔ ልጅ ሆኜ አውቶቡስ ተራ የጠፋሁበትን ቀን ያወራል። «እጄን ለቆ ቀድሞኝ ሄደ፣ መቼም መቸኮል ልማዱ ነው። ስንቱን የሰው ልጅ ስጠራ ኖሬ የራሴን ስጠራ ምላሴ ተሳሰረ። ግን ጠራሁ። አንድ ልጅ ጠፍቷል፣ ቢጫ ሹራብ ለብሷል። ያያችሁት ሰዎች ቆይ በሉት፣ እናትህ እየመጣች ነው በሉት አልኩ።»

ይህን ለእኔ ነግራኝ አታውቅም። እህቴ ይህን ሁሉ ጊዜ የምታውቀው ብቻዋን ነበር። ፊቴን እንዳያዩብኝ ተነሣሁ፤ ታክሲዬን የሚያልፍ መኪና እንዳይገጫት ልይ ብዬ ወደ በሩ ሄድኩ።

ከኋላዬ አንድ ድምፅ መጣ። ከኮምፒውተሩ አይደለም፤ መስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበር ነው። ወፍራም፣ የተሰነጣጠቀ፣ ግማሹ የተዋጠ ድምፅ ነው።

«ቆይ።»

እኔም ቆየሁ።