ለሀዊ የጠመቅኩት ጠላ

ነገሩ የሆነው ካቻምና ሐምሌ ላይ ነው። ሙሉውን ለማንም፣ ለባሌም ጭምር ተናግሬው አላውቅም። ዛሬ ግን ይውጣልኝ።

ከባሌ ጋር ከተጋባን ዘጠኝ ዓመታችን ነው፤ ልጅ የለንም። አዳማ ውስጥ ከአማቴ ጋር አንድ ግቢ እንኖራለን። የባሌ ታናሽ ወንድም ሀዊን አገባና እዚያው ግቢ አስገባት። ዓመት ሳይሞላት አረገዘች። በቃ፣ ግቢው የሷ ሆነ። ወንበሩ ጥላ ሥር የሚወጣው ለሷ፣ ባጃጁ ደጃፍ ድረስ የሚጠራው ለሷ። እኔ እየሳቅሁ ውስጤ በቅናት ይንገበገባል።

ሆዷ ገፋ ሲል አማቴ ጠሩኝና፣ "ልጄ፣ ያንቺ እጅ ይጥማል፤ ጠላ ጥመቂላት። ደም ይሆናታል፣ ወተትም ያወርድላታል" አሉኝ።

የምሠራው ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ነው። አዋላጇ ጠዋት ጠዋት እርጉዞቹን ኮሪደር ላይ ሰብስባ ስታስተምር እሰማለሁ። "ጠላም ሆነ ቢራ ፅንሱ ጋ ይደርሳል፤ አእምሮውን ይጎዳል። ትንሽ ብትጠጪ ምንም አይልም የሚባል ነገር የለም" ትላለች።

ይህን እያወቅኩ ጠመቅኩ። ያውም ብቅል ሳልሰስት።

ብናገር "መካን ስለሆነች ቀንታ ነው" ይሉኛል እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። ውሸቴን ነው። የሷ ልጅ ትንሽ እንከን ቢኖረው ደስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር።

ሀዊ ሦስት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ጠጣች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጣሳዋን እንደያዘች እጄን ሳበችና ሆዷ ላይ አደረገችው። "እትዬ፣ እስቲ ንኪው! ያንቺን ጠላ ወዶልሻል" አለችኝ እየሳቀች። እጄ ሥር ሲገላበጥ ተሰማኝ። እንባዬ መጣ።

"ሀዊ፣ ጠላውን ተዪው። ልጁን ይጎዳል።"

ፊቷ ተለዋወጠ። "ቀንተሽ ነው እንዴ?"

"አዎ ቀንቻለሁ። ስለቀናሁ ነው እስካሁን ዝም ያልኩሽ።"

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ጠላውን መሬት ላይ ደፋችውና ገባች። ለአማቴ "ሽታው አስጠላኝ" አለቻቸው እንጂ እኔን አላነሳችኝም።

ልጁ አሁን ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ድክ ድክ ይላል፣ ይስቃል፤ አፉን ግን ገና አልፈታም። አማቴ "ወንድ ልጅ ይዘገያል" ሲሉ ሀዊ ቀና ብላ ታየኛለች። እኔም መሬት መሬቱን አያለሁ።

ዛሬም እቀናባታለሁ፤ አልዋሽም። ግን "እማ" እንዲል በየቀኑ ፈጣሪን እለምናለሁ፤ የሚጠራው እሷን መሆኑን ባውቅም፣ ያም ቢያስቀናኝ።