በስቅለት ዕለት የተወረወረው ኳስ

ጠንካራ ኳስ ወፍራም ነገር ላይ ሲያርፍ ዱብ የሚል ድፍን ድምፅ አለው። ዛሬም ሎውሪ ሰፈር ካለው የልጆች ሜዳ አጠገብ ሳልፍ ይኸው ድምፅ ድንገት ይደርሰኝና እጄ ሳላስበው የመኪናዬን መስኮት ይዘጋል። ሰው የልጅነቱን ድምፅ ሲሰማ ሆዱ ይባባል ይላሉ፣ የኔ ግን ይቆጣል። ድምፁ የወንድሜ የናትናኤል ነው። ያደግነው ፈረንጅ አገር፣ ኦሪጅናል ኦሮራ በሚባለው የከተማው አሮጌ ሰፈር፣ ከኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ገባ ብሎ ባለ አሮጌ አፓርታማ ውስጥ ሲሆን፣ ናቲ ሰው የጣለውን ፍራሽ ከሕንፃው ጀርባ አጥሩ ላይ ጠፍሮ አስሮ፣ ከትምህርት ቤት ተመልሶ ቦርሳውን ካስቀመጠበት ሰዓት ጀምሮ እስኪመሽ ድረስ በቤዝቦል ኳስ ሲደበድበው ይቆይ ነበር።

በበረዶው ወራት እንኳ አያርፍም ነበር። የሚቆምባትን ቦታ በአካፋ ጠርጎ፣ ጣቶቹን በትንፋሹ እያሞቀ ይወረውራል፣ እኔ ታናሽ እህቱ ደግሞ ደረጃው ላይ ብርድ ልብስ ተከናንቤ አየው ነበር። የቤዝቦልን ነገር ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ለመንገር፣ አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ሊመታ ይሞክራል፤ ናቲ ወርዋሪ ነበር፣ የናቲ ሀብት ደግሞ ፍጥነት ነበር። ኳሱ ከእጁ ሲወጣ አይታይም፣ የሚታየው ፍራሹ ሲንቀጠቀጥ ነው። ከእኛ በታች የሚኖሩት ጋሽ ተስፋይ፣ አሥመራ በአማርኛ ተምረው ያደጉ፣ ኤርፖርት የፓርኪንግ አውቶቡስ የሚነዱ ሽማግሌ፣ አንድ ቀን በመስኮታቸው ብቅ ሲሉ ሊቆጡት ነው ብዬ ስፈራ፣ ሲያዩት ቆዩና ይህን ልጅ እግዚአብሔር ለመድፍነት ነው የፈጠረው አሉ። ከዚያ ወዲህ ናቲን የሚጠሩት «መድፉ» እያሉ ነበር።

አባዬ ግን መድፉን አንድም ቀን አላየውም። ታክሲ ነጂ ነበር፤ አዘቦቱን ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ ይውላል፣ ቅዳሜንም ይነዳል፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ነው። ኳስ ማለት ለእሱ በእግር የሚመታው ብቻ ስለሆነ፣ ናቲ ዛሬ ጨዋታ አለኝ ባለው ቁጥር በርታ ብሎት ቁልፉን አንሥቶ ይወጣ ነበር። ናቲ ቅር ይለው እንደነበር አውቃለሁ፣ ምክንያቱም አባዬ እራት ሲበላ አጠገቡ ተቀምጦ የቀኑን ጨዋታ በተሰባበረ አማርኛው ሊያስረዳው ይታገል ነበር፤ እጁን እያወራጨ፣ ቃል ሲጠፋው በእንግሊዝኛ እየሞላ ሲተርክለት፣ አባዬም ራሱን እየነቀነቀ እዚያው ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ይወስደው ነበር።

ናቲ ትምህርት ቤቱን ሊጨርስ በተቃረበበት ዓመት፣ ጸደይ ገብቶ ከአጥሩ ሥር ያለው በረዶ ሲቀልጥ፣ የትምህርት ቤቱ ቡድን አሠልጣኝ ቤታችን ደወለ። አንድ የኮሌጅ ሰው ከሌላ ክፍለ ግዛት፣ ከነብራስካ፣ ሲጫወት ሊያየው ይመጣል፣ ከወደደው በኮሌጁ ቡድን አስገብቶ ያለ ክፍያ ያስተምረዋል ማለት ነው። ሌላ የጠየቀው ኮሌጅ አልነበረም፣ በቤታችንም ለኮሌጅ የሚሆን ነገር አልነበረም፣ ስለዚህ ይህ ሰው ሲመጣ የናቲ ዕድል አብሮት እንደሚመጣ፣ ሳይወደው ከሄደም አብሮት እንደሚሄድ እኔ እንኳ ገብቶኝ ነበር። እማዬ እልል ልትል ምንም አልቀራት፣ ጾም መሆኑ ትዝ ሲላት ነው አፏን በእጇ የያዘችው።

ችግሩ ቀኑ ነበር። ጨዋታው የሚውለው ዓርብ፣ ዓርቡም ስቅለት ሆነ። የፈረንጆቹ ፋሲካ ካለፈ ሰንብቶ ስለነበር አሠልጣኙ ነገሩ ሲነገረው ፋሲካ እኮ አለፈ ብሎ ግራ ተጋባ። አባዬ ደግሞ በሥራ ቀን ታክሲውን የሚያቆመው ለስቅለት ብቻ ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ሲሰግድ ይውላል፣ እኛንም ያሰግደናል፣ እስከ ማታም እህል ውሃ የሚባል ነገር የለም። ናቲ ጸሎተ ሐሙስ ማታ፣ እማዬ የቀቀለችውን ጉልባን ከብበን ስንበላ፣ እንደምንም ደፍሮ ነገሩን አነሣውና ነገ እንዳልሰግድ ፍቀድልኝ፣ በሌላ ቀን እጥፍ አድርጌ እሰግዳለሁ ብሎ ለመነው።

«አባዬ፣ ሊስን፣ እኔ የምወረውረው በእጄ ብቻ አይደለም፣ በእግሬ ነው» አለው።

አባዬ ሳቀ። ክፋት አልነበረበትም፣ ይህንን ልክድ አልችልም፤ ኳስ በእግር ይወረወራል ሲባል ሰምቶ ስለማያውቅ፣ የወርዋሪ ኃይል ከእግሩ እንደሚነሣም ስላልገባው፣ ቀልድ መስሎት ነው። ከሳቀ በኋላ ግን ጉልባኑን ትቶ አሰበና ለእሱ ትልቅ የሆነ ነገር ፈቀደ።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትሰግዳለህ፣ ጌታችን ነፍሱን እስከ ሰጠበት ሰዓት። ከዚያ እኔው ራሴ እወስድሃለሁ፣ ቁጭ ብዬም አይሃለሁ። ለእግዚአብሔር የታጠፈ ጉልበት አይደክምም።»

ዘጠኝ ሰዓት ያለው በእኛ አቆጣጠር ነው። አባዬ የስቅለትን ጸሎት አቋርጦ ወጥቶ አያውቅም ነበር፣ ስለዚህ ለልጁ ስጦታ የሰጠ መስሎት ነው የተኛው። ናቲም ከተባለው ሁሉ የሰማው አይሃለሁ የምትለዋን ብቻ ነበርና ከዚያ በኋላ አልተከራከረም።

ቤተ ክርስቲያናችን ድሮ የዕቃ መጋዘን የነበረ ሕንፃ ነው፤ ምንጣፉ ስስ፣ ከሥሩ ሲሚንቶ። የናቲ እኩዮች ከኋላ ተሰልፈው አንድ ጊዜ ሰግደው ሦስት ጊዜ የጫማቸውን ቦታ ሊያስተካክሉ ይወጣሉ፣ ስልካቸውን ይነካካሉ፤ ናቲን ግን አባዬ ከፊት፣ ከጎኑ አቆመው። ካህናቱ ኪርያላይሶን ሲሉ ሕዝቡ ይንበረከካል፣ ግንባሩን መሬት ያስነካል፣ ይነሣል፣ ገና ቀጥ ብሎ ሳይቆም ደግሞ ይወርዳል። ናቲ ማታለል ይችል ነበር፣ ግማሽ ድረስ ጎንበስ እያሉ ቀኑን የጨረሱ ትልልቅ ሰዎችም በዓይኔ አይቻለሁ፤ እሱ ግን አላታለለም። እማዬ እኩለ ቀን ላይ በነጠላዋ ሥር የውሃ ጠርሙስ ደብቃ ወደ ውጭ ጠራችውና ጠጣ ልጄ፣ ጌታ ያውቅልሃል አለችው፤ እሱም አባዬ ሲጠጣ እጠጣለሁ ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። በሰዓቱ ስንወጣ ደረጃውን የወረደው የብረቱን መደገፊያ ይዞ ነበር፣ ጭኑም ሲንቀጠቀጥ በሱሪው ላይ ይታይ ነበር።

ሎውሪ ሜዳው ዳር የነበሩት ወላጆች ቋሊማ በዳቦ እየገመጡ በአጭር ሱሪ ተቀምጠዋል፣ አባዬ በነጭ ነጠላው መሀላቸው ገብቶ ቁጭ አለ፣ እኔም ከጎኑ። የነብራስካው ሰው ከሽቦው መረብ ጀርባ ነበር፤ ፖሊስ መኪና የሚያስቆምበትን የመሰለ የፍጥነት መለኪያ በእጁ ይዟል። ናቲ ወጥቶ ቆመና ወደ እኛ አየ፣ አባዬን ሲያገኘው ኮፍያውን ነካ አደረገ፣ ከዚያ እግሩን አንሥቶ የመጀመሪያውን ወረወረ። ኳሱ ታየ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የወንድሜን ኳስ ከእጁ ወጥቶ እስኪደርስ ድረስ አየሁት።

የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ ነው። ሁለተኛውም ታየ፣ ሦስተኛውን መቺው አግኝቶ አርቆ ሰደደው፣ ሌላው ተከተለና ተጋጣሚዎቹ ገና ጨዋታው ሳይሞቅ አንድ ነጥብ አገቡብን። አሠልጣኙ ወደ መሀል ገብቶ አሞሃል ወይ ብሎ ሲጠይቀው ናቲ ደህና ነኝ አለው። ከዚያ በኋላ ያደረገውን ሌላ ወርዋሪ ሲያደርገው አላየሁም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው፣ ፍጥነት እምቢ ሲለው ዝግታን አገባ። እጁን በኃይል እንደሚወረውር ሰው አወናጭፎ ኳሱን ለስለስ አድርጎ ይለቃታል፣ መቺው ቸኩሎ ዱላውን ያወዛውዝና ኳሷ ዘግይታ ታልፈዋለች፤ አንዱን ጥግ ያሳየውና በሌላው ይልካል፤ አንዱን መቺ ቆሞ ያስጠብቀዋል፣ ሌላውን ሳይዘጋጅ ይቀድመዋል። ግዙፍ ግዙፍ ልጆች በንዴት ዱላቸውን መሬት ላይ እየጣሉ ተመለሱ። በወረወረ ቁጥር የፊት እግሩ ሲያርፍ ጉልበቱ እጥፍ ይልና እንደምንም ይነሣል፤ ተራው ሲያልቅ ሌሎቹ ውሃ ሲጎነጩ እሱ ውሃ ሳይነካ ፎጣ ራሱ ላይ ጥሎ አጎንብሶ ይቀመጣል፣ ምክንያቱም አባዬ ያየዋል። ሁለት ለአንድ አሸነፉ።

የነብራስካው ሰው ግን ጨዋታው ሳይጋመስ መለኪያውን ቦርሳው ውስጥ ከትቶ፣ ለአሠልጣኙ ሁለት ቃል ተናግሮ ሄዶ ነበር። አባዬ ከጨዋታው ምንም አልገባውም፣ ሰው ሲያጨበጭብ አጨበጨበ፣ መጨረሻ ላይ ልጆቹ ናቲን ሲያቅፉት ግን ዓይኑ እንባ ሞላ። መኪና ውስጥ ስንገባ እጁን ናቲ ትከሻ ላይ አደረገ።

«አየህ ልጄ? ሰግደህ ነው ያሸነፍከው።»

«ኦኬ አባዬ» አለ ናቲ፣ ራሱን መስኮቱ ላይ አስደግፎ።

በጋው ሲገባ ወሬው መጣ። የነብራስካው ሰው ብልህ ልጅ ነው፣ ግን ፍጥነት የለውም፣ ብልሃት ይማሩታል፣ ፍጥነት ግን አይማሩትም ብሎ ነበር። አሠልጣኙ ያን ቀን ልጁ ደህና አልነበረም፣ እባክህ ሌላ ጊዜ ተመልከተው ብሎ ቢለምነው እስቲ ይመቸኝ እንደሆነ አያለሁ አለ፣ አልተመቸውም። የሚያናድደው ደግሞ፣ ናቲ ከትንሣኤ በኋላ በልቶና አርፎ ሲወረውር ፍጥነቱ በቦታው ነበር፤ እንዲያውም ጨምሮ ነበር። የተጋጣሚ ቡድን እናቶች ብቻ በተቀመጡበት ሜዳ ላይ መቺ ሁሉ ኳሱን ሳያየው ይመለስ ነበር፣ አባዬም ኤርፖርት ተራውን ይጠብቅ ነበር። በዚያው በጋ የአፓርታማው ሰዎች ፍራሹን ፈተው ጣሉት፣ ናቲ ሌላ አልፈለገም።

ቅጠሉ ሲረግፍ ናቲ ኤርፖርት ሻንጣ የመጫን ሥራ ጀመረ። በመስቀል በዓል ጋሽ ተስፋይ ለእራት መጡ፣ አባዬም ወጡ ቀርቦ ገና እጃችንን ሳንሰድ የስቅለቱን ጨዋታ ማውራት ጀመረ፤ ልጄ ቀኑን ሙሉ ሰግዶ፣ ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ሄዶ ያን ሁሉ ፈረንጅ አሸነፈ፣ የእግዚአብሔር ሥራ ድንቅ ነው እያለ። ጋሽ ተስፋይ መድፉን የሚያውቁ ሰው ስለሆኑ ናቲን ቀና ብለው አዩትና ምግባቸው ላይ አቀረቀሩ። እኔ አልቻልኩም፣ ደሜ ፈልቶ ልናገር አፌን ስከፍት ናቲ እጄን ይዞ ወደ ኩሽና ወሰደኝ።

«ሊቭ ኢት፣ ተዪው» አለኝ ቀስ ብሎ። «አባዬ እኔን ያየኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። ያችን ቀን አትውሰጂበት።»

በማን እንደምናደድ ሳማርጥ ዓመታት አለፉ። አባዬ ላይ እንዳልናደድ ያን ቀን ጸሎቱን አቋርጦ መጥቷል፣ ስግደቱ ላይ እንዳልናደድ ናቲ ራሱ በሙሉ ልቡ ነው የሰገደው፣ የነብራስካውን ሰው ደግሞ ዳግመኛ አላየሁትም። አሁን ጨዋታ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ተንታኞቹ የሚወዱት አንድ ሙገሳ አላቸው፤ ወርዋሪው ዛሬ ምርጥ ኳሱ እጁ ላይ የለም፣ ባለው ታግሎ ግን አሸነፈ፣ ጀግና ማለት ይህ ነው ይላሉ። ይህን ስሰማ ምሬቴ ይመለሳል፣ ምክንያቱም ያ ሙገሳ የሚደርሰው ምርጡን አስቀድሞ ላሳየ ሰው ነው። ያላሳየ ሰው ያን ቀን ያለው ያ ብቻ ነው ተብሎ ይታለፋል።

አባዬ አርጅቷል፣ አሁን በስቅለት ወንበር ተሰጥቶት ተቀምጦ ነው የሚጸልየው። የሚያመላልሰው ናቲ ነው፣ የሥራ ፈረቃውን ቀይሮም ቢሆን ያን ቀን አያስቀርም። ልጅ ሳለሁ የወንድሜ ዝምታ ትዕግሥት ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ግን እንደዚያ አይመስለኝም፤ ጸሎቱ አልቆ ሰው ሲሰነባበት ቆሜ አያቸዋለሁ። አባዬ አንዱን ወጣት ዲያቆን ክንዱን ይዞ የዚያን ዓመት ጨዋታ ሊተርክለት ሲጀምር፣ ናቲ መኪናውን ላሙቀው ብሎ ቶሎ ይወጣል፣ አባዬም ከኋላው በኩራት እያየው «ትሑት ልጅ ነው፣ ሲመሰገን አይወድም» ይላል።