የክላይቭ ጀርባና ተፎካካሪው

ክላይቭ ፔንጀሊ በኩዊንስላንድ ባሕር ዳር ተወልዶ፣ ዕድሜውን አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ወጣ። የሚኮራው ግን በመሪው አልነበረም፤ በጀርባው ነበር። በልጅነቱ «ወተቱ» እያሉ ያበሸቁበት ያ ነጭ ጀርባ፣ ካደገ በኋላ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ለሚፈትሽ ቤተ ሙከራ ተፈላጊ ሆነ። ጀርባው ላይ በብዕር ትንንሽ ሳጥኖች ይሰመራሉ፣ በየሳጥኑ ቅባት ይቀባል፣ ከዚያ እንደ ፀሐይ የሚለበልብ ኃይለኛ መብራት ይበራበታል። በማግሥቱ የቱ እንደቀላ ይታያል። ክላይቭም «ይሄን ጀርባ ያታለለ ቅባት የለም» እያለ በየደረሰበት ያወራል።

ሥራው አንድ ክፉ ደንብ ነበረው፤ ጀርባው ከመብራቱ ሌላ ፀሐይ ማየት አይፈቀድለትም። ስለዚህ ሰውየው ሃያ ዓመት ሙሉ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ አሸዋው ላይ ተጎለተ፤ ሚስቱ ኖሪን ብቻዋን ትዋኛለች።

«እኔን ነው ያገባኸው ወይስ ያንን መብራት?» ትለዋለች ከውኃው ስትወጣ።

አንድ ቀን የቤተ ሙከራው ኃላፊ ዶክተር ሻርሚላ አንዲት ትንሽ ሳህን አሳየችው። ውስጧ ሳንቲም የምታክል ስስ ነገር ተኝታለች።

«ቆዳ ነው፣ ሚስተር ፔንጀሊ። እዚሁ ያሳደግነው። እርስዎና እሱ አንድ ዓይነት ቅባት ይቀባሉ። ውጤታችሁ ከገጠመ ከእንግዲህ ሰው መለብለብ ቀረልን።»

«እኔስ?»

«እርስዎማ ያርፋሉ።»

ክላይቭ ሳህኗን ገላመጣት። «የማን ልጅ ነው ደግሞ ይሄ?»

ሻርሚላ አፈር አለች። «መነሻው... ሕፃን ሲገረዝ የተረፈች ቁራጭ ናት።»

ኖሪን ራት ላይ ይህን ስትሰማ ሹካዋን ጥላ ሳቀች።

«ሥራዬን በምን እንደምነጠቅ ሰምተሻል? ደግሞ ትስቂያለሽ!»

«እሱ ቢያንስ አይነጫነጭም። በበኩሌ እንዲያሸንፍ እጸልያለሁ።»

ፈተናው እስኪያልቅ ክላይቭ በሆዱ ተኛ፣ ጀርባውንም ማንንም አላስነካም። ምን ዋጋ አለው! እሱን ያቃጠለው ቅባት ቁራጩንም አቃጠለው፤ እሱን ያዳነው ያንንም አዳነው።

«አንድም ቦታ አልተለያያችሁም» አለች ሻርሚላ በደስታ። ክላይቭ ሸሚዙን ለበሰ። ቢሸነፍ ይሻለው ነበር፤ እኩል መውጣቱ አንገበገበው።

በማግሥቱ ኖሪንን ተከትሎ ባሕር ወረደና ሸሚዙን አውልቆ ወረወረው። ኖሪን ደንግጣ ቅባቷን አወጣች።

«ዙር!»

«ተይኝ! ሃያ ዓመት ተቀብቻለሁ፣ በቃኝ!»

መቼ ሰማችው! ቅባት የሞላ መዳፏን መሃል ጀርባው ላይ ጧ አድርጋ «በል፣ ይቺ ደግሞ የኔ ፈተና ናት» አለችና እጁን ይዛ ወደ ውኃው ጎተተችው። ሲራጩ፣ ሲሳሳቁ፣ ሰዓቱን ረሱት።

ጀርባው እንደ በርበሬ ቀላ። መሃሉ ላይ ግን አምስት ጣት ያላት ነጭ መዳፍ ጉልህ ብላ ታየች። ክላይቭ እያቃሰተ ቤተ ሙከራ ሄዶ ሸሚዙን ገለጠ።

«ሚስተር ፔንጀሊ! እርስዎ እንኳ!» ብላ ጮኸች ሻርሚላ። ወዲያው ግን ሙያዋ አሸነፋትና ጎንበስ ብላ ነጯን የመዳፍ ምልክት መረመረች። «ቅባቱ ግን ግሩም ነው። የቱ ነው?»

«ቅባቱን ተዪው» አለ ክላይቭ፣ ሳህኗ ወዳለችበት በኩራት እያየ። «ያ ቁራጭ ከዚህ ጀርባ ጋር እኩል መውጣት ከፈለገ፣ መጀመሪያ ሚስት ያግባ!»