ገጽ ላይ ያልነበረው ሸሚዝ

ይህን ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። ንስሐ ስገባ የዋሸሁትን፣ የተሳደብኩትን፣ ጾም የሻርኩበትን ቀን ሳይቀር ለይቼ እነግራቸዋለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን የኃጢአቱ ስም ይጠፋብኛል። ምን ብዬ ልጀምር? «አባ፣ ክፍል ውስጥ አንዲት የልብ ወለድ ሴት ተነተንኩ» ልበል? ይህስ ኃጢአት ነው?

ወገዳ አሥራ አንደኛ ክፍል ስንማር ከይበልጣል ጋር አንድ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። ሁለታችንም ከስማዳ ገጠር፣ ከጎረቤታም ቀበሌ የመጣን ነን። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ወደየቤታችን ወርደን ስንቅ ይዘን እንመለሳለን፤ ቋጠሮው የማንም ይሁን የማን አብረን እንበላለን። ስንቅ የሚጋራ ሰው ሌላም ነገር ይጋራል። አንድ ጊዜ ተሸክመን ስንመለስ ዳገቱ ላይ አረፍ አልንና ስለ እናቱ ነገረኝ።

ጥላው የሄደችው ሰባት ዓመቱ ሳለ ነው። በሄደችበት ጠዋት ሸሚዙን አጥባ አጥሩ ላይ አስጥታለት ነበር፤ ሲነሳ ውሃው ገና ይንጠባጠባል። «ባትወደኝ ኖሮ አታጥብልኝም ነበር» አለኝ። ለማንም እንዳልናገር አላስማለኝም። ማስማል ያስፈልገኛል ብሎም አላሰበም።

እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት ዘግይቼ ነው። ማንበብ የለመድኩት እጄ የገባውን ወረቀት ሁሉ እያገላበጥኩ፣ ራሴን በራሴ አስተምሬ ነው። ክፍል ውስጥ ድምፄ አይሰማም። ዝርዝር ነገር ግን አያመልጠኝም፤ ገጽ ሦስት ላይ ግራ እጁ የቆሰለ ሰው ገጽ አምስት ላይ ቀኙን ካሰረ አየዋለሁ።

የአማርኛ መምህራችን ራሳቸው የጻፉትን የሁለት ገጽ ታሪክ አባዝተው ሰጡን። ትርንጎ የምትባል ሴት ባሏንና ልጇን ትታ ከተማ ትገባለች። ጠባይዋን፣ የሄደችበትን ምክንያት፣ ከልጇ ጋር የነበራትን ግንኙነት እየተነሳን እንድንተነትን አዘዙን። አንዷ ተነስታ ትርንጎ ልጇን ትወድ ነበር አለች። እኔ እጄን አወጣሁ። ለምን አወጣሁ? እስከ ዛሬ አላውቅም። አውጥቼ ግን ተናገርኩ። ልጇን አትወድም አልኩ። ሸሚዙን ያጠበችለት ለስሟ ብላ ነው፤ ልጇን ከነእድፉ ጥላው ሄደች ብሎ ጎረቤት እንዳያማት ነው አልኩ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እንዲያ ተደምጬ አላውቅም ነበር።

መምህሩ ወረቀታቸውን ገለጥ ገለጥ አድርገው፣ «ሸሚዙ የትኛው ገጽ ላይ ነው?» አሉኝ።

የትኛውም ገጽ ላይ የለም። ከራሴ ፈጠርኩት ብል ያልቅ ነበር። እኔ ግን ዞሬ ይበልጣልን አየሁት። ዓይኔ ነው የሄደው ልበል? ዓይን ያለ ባለቤቱ ይሄዳል? የክፍሉ ዓይን ሁሉ የኔን ተከትሎ እሱ ላይ አረፈ። ከኋላ አንዱ፣ «ትርንጎ የይበልጣል እናት ናት እንዴ?» አለ። ሳቁ። ይበልጣልም አብሮ ሳቀ። ያ ሳቅ ዛሬም አልገባኝም። ከዚያ ወዲያ ልጆቹ «የትርንጎ ልጅ» እያሉ ይጠሩት ጀመር።

ከሰዓት ቤት ስንገባ ምስጢሬን አወጣህ ብሎ እንዲቆጣ ጠብቄ ነበር። እሱ የጠየቀኝ ሌላ ነው።

«አንተ መቼም ብዙ አንብበሃል» አለኝ። «እውነት ለስሟ ብላ ነው?»

አላውቅም ማለት ነበረብኝ። እናቱን አይቻት እንኳ አላውቅም። «እኔ ስለ ትርንጎ ነው ያወራሁት» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። በሳምንቱ ያላለቀ ስንቁን ትቶልኝ ወደ ቤቱ ሄደ፤ አልተመለሰም። አባቱ ለአጨዳ ፈልገውት ነው የሚሉ ነበሩ። ይሆናል። እኔስ ያንን ለማመን ለምን ቸኮልኩ?

አሁን እዚሁ ወገዳ ኮምፒውተር ጽሑፍ ቤት ከፍቼ የሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ። ባለፈው ጥቅምት የይበልጣል አጎት ሊያስጽፉኝ መጡ። እናቱ እስቴ ሌላ ባል አግብታ ትኖር ኖሯል፤ ታመመችና ዓይኑን ልየው ብላ ሽማግሌ ላከችበት።

«እምቢ አለ፣ ልጄ» አሉኝ። «‹ለስሟ ብላ ነው፤ ልጇ ሳያያት ሞተች እንዳትባል ነው› አለን። ስትሞትም ቀብሯ ላይ አልቆመም። ይህን ከየት አመጣው?»

ከየት እንዳመጣው አውቃለሁ። ማመልከቻውን ጨርሼ ሰጠኋቸው እንጂ አልነገርኳቸውም። ያን ጊዜ ምስጢሩን አወጣሁ፣ አሁን ደግሞ የራሴን ደበቅሁ።

ሄጄ ተሳስቼ ነበር ልበለው? ምናልባት አልተሳሳትኩም። ትወድህ ነበር ልበለው? ይህንንም አላውቅም፤ ሳላውቅ ሁለተኛ መፍረድ ይሆንብኛል። ዝም ብልስ? አገሩ እናቱን ያልቀበረ ይለዋል። ያንን ስም ያሸከምኩት እኔ ነኝ፤ እኔ፣ ለአንድ ደቂቃ ልደመጥ ብዬ።

እናንተ ስሙኝ እንጂ ይቅር አትበሉኝ። ይቅርታው የናንተ አይደለም። የእሱ ነው። የእሷም ነበር።