የባሌ እህትና የጉልበቴ እንክብል

የባሌ ታላቅ እህት የሰው ሕመም ስትሰማ ፊቷ ይበራል። ፊት ለፊት «እትዬ፣ እርስዎ» እያልኩ አከብራታለሁ፤ እዚህ ስጽፍ ግን አልችልም። አዛኝ ቅቤ አንጓች ናት። ጉልበቴ ካመመኝ ወዲህ ኮተቤ ያለው ቤታችን መመላለስ አበዛች፤ ሕመሜንም ለሰፈሩ ሁሉ አወራች። አንድ ቀን ትልቅ የእንክብል ብልቃጥ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።

«ልጄ ከውጭ የላከችልኝ ነው፤ የመገጣጠሚያ። እኔን አታዪኝም? ዓመት ሙሉ ውጬው ይኸው እንደ ሚዳቋ እዘላለሁ።»

የተጻፈበትን አነበብኩት። ከሽሪምፕ ቅርፊት የተሠራ ይላል። ጊዜው ሁዳዴ ነው።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ የባሕር ተሳቢ ነው፤ ያውም በጾም!»

«መድኃኒት አያስፈስክም። አንቺ መቼም ሰበብ አታጪም።»

ሐኪሜን ጠየቅኩት። «አንዳንድ ሰው ተሻለኝ ይላል፣ ብዙውን ግን ሲለውጠው አላየሁም። ይልቅ የጭንዎን ጡንቻ ያጠንክሩ፣ ክብደትም ይቀንሱ» አለኝ። ክብደት ሲል እሱንም ጠላሁት።

ቀኑን ሙሉ ሰሌዳ ፊት የምቆም አስተማሪ ነኝ። ጉልበቴ እምቢ ካለ ሥራዬ አበቃ ማለት ነው። ስለዚህ እንክብሉ ያጓጓኝ ነበር፤ ያናደደኝም ይኸው ነው። ከእሷ እጅ መዳን! ባሌ ደግሞ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል «ብትሞክሪው ምን ትሆኛለሽ?» ይላል። የሚያመው እሱን አይደለም።

በመጨረሻ እሷው መላ አመጣች። «ቅዳሜ እንጦጦ ፓርክ እንሂድ። ስራመድ በዓይንሽ እዪና ትወስኛለሽ።»

በመኪና ሄድን። ዳገቱ ላይ እውነትም ጥላኝ ሄደች። ከኋላዋ እያነከስኩ ስመለከታት ተሸነፍኩ። ብልቃጡ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ውኃም ይዣለሁ። ቆም ብዬ አንድ እንክብል መዳፌ ላይ አወጣሁ። ቀና ስል የለችም። ትንሽ እልፍ ብዬ ባሕር ዛፍ ሥር አገኘኋት፤ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ፣ ጉልበቷን በሁለት እጇ ጨምድዳ፣ ፊቷ አመድ መስሎ።

«ምን ሆኑ?»

«ምንም።» ጉልበቷን እያሸች «መርፌው ለቀቀኝ መሰለኝ» አለች።

«የምን መርፌ?»

«የማስታገሻ። ጠዋት ሰፈር ክሊኒክ ተወግቼ ነው የመጣሁት።»

«ዛሬ ብቻ ነው?»

«አይደለም» አለች መሬት መሬቱን እያየች።

«ልውጠው ነበር እኮ! ምን አድርጌዎት ነው የሚዋሹኝ?»

«ልጄ ደክማ የላከችውን አልሠራም ልበላት? ለጽዋ ማኅበራችን ሴቶች ሁሉ አድያለሁ። አሁን ምን ብዬ ልመለስ?»

አንጀቴ አልራራም። በሽታዋን ደብቃ የኔን አደባባይ ያወጣች ሴት ናት። እንክብሉን ወደ ብልቃጡ መለስኩና ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት።

«አልወስድም። ለልጅዎ እርስዎ ይንገሯት፤ አለዚያ እኔ እደውላለሁ።»

መኪናው ያለበት ድረስ ቁልቁለት ነው፤ ለታመመ ጉልበት ደግሞ ቁልቁለት ከዳገት ይብሳል። እጇን ዘረጋችልኝ። ቆሜ አየኋት። ከዚያ ያዝኳት፤ እኔም ብቻዬን መውረድ አልችልም ነበር።