ስም የሌላቸው አራት እራፊዎች

ያስያዘኝ የእጅ ጽሕፈቴ ነው። መርማሪው ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አንዱ የደጋ ገበሬዎች በመሬት ግብር ጉዳይ ያቀረቡት አቤቱታ ነው፤ ሌላው እኔ ለደብራችን የጻፍሁት ደብዳቤ። «ሸጋ ጽሕፈት ነው» አለኝ፤ ከልቡ ነበር ያደነቀው። ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። ቁራሽ እየለመንሁ፣ ውሻ እየነከሰኝ የተማርሁት ፊደል ጎንደር ወህኒ ቤት አስገባኝ።

ክፍሉ ውስጥ መጀመሪያ ያየሁት መርፌ ነው። ከበሩ በላይ ባለች ቀዳዳ የምትገባው ብርሃን ግድግዳ ተደግፎ የሚሰፋ ሽማግሌ እጅ ላይ አርፋለች። ቤቱ እርጥብ ሱፍና ሽንት ይሸታል። ሃያ የምንሆን ሰዎች ጉልበታችንን አቅፈን የምንቀመጥበት ቦታ ነበር፤ እግር መዘርጋት በተራ ነው።

«ምነው ቆምህ? ተቀመጥ እንጂ፤ ወንበር እስኪመጣልህ ነው?» አለኝ ሽማግሌው ዓይኑን ከስፌቱ ሳይነቅል።

ከድብ ባሕር በላይ ካለ መንደር የመጣ ገበሬ ነበር። የመሬት ለኪዎቹን ማሳዬን አላስረግጥም ብሎ ነው የታሰረው። ሁላችንም «አያ» እንለዋለን። የሚሰፋው ድሪቶ ነው፤ ከአቡጀዲ፣ ከካኪ፣ ከጋቢ፣ ከባና የተቀደዱ እራፊዎች። ክሩን ከራሱ ጋቢ ጫፍ ይመዝዛል። መርፌውን ፍተሻ ሲመጣ ጠጉሩ ውስጥ ይሸሽገዋል። እኔ ለብርድ የሚሠራው መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ለምን እንደማይለብሰው ጠየቅሁት።

«ይህ የሰው ነው» አለኝ። «እዚህ ቤት የሞቱ፣ ተጠርተው ወጥተው ያልተመለሱም አሉ። ሰው ሲሞት ልብሱን ዘበኞቹ ይወስዱታል። እኔ ቀድሜ ከጫፉ አስቀራለሁ። ወገኑ አንድ ቀን ቢመጣ ምን ላሳየው?»

እራፊዎቹ አሥራ አንድ ነበሩ። ጧት ጧት ፊቱን ተጣጥቦ ሲያበቃ፣ ጣቱን በየእራፊው ላይ እያሳረፈ የአሥራ አንዱን የክርስትና ስም ይጠራል፤ ነፍስ ይማር ይላል። እኛም ነፍስ ይማር እንላለን። እውነቱን ለመናገር አፌ እንጂ ጆሮዬ እዚያ አልነበረም። በየቀኑ የሚሰማ ነገር የሚጠፋ አይመስልም።

የቅኔ ተማሪ መሆኔን የሰማ ዕለት አነጋገሩን ለወጠ። ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላኝን ሰው «የኔታ» ይለኝ፣ አንቱ ይለኝ ጀመር። አንድ ቀን ከዘበኛ የለመናትን ቁራጭ እርሳስ ይዞ አጠገቤ መጣ።

«የኔታ፣ ስማቸውን በየእራፊያቸው ላይ ቢጽፉልኝ። እኔ ፊደል የለኝም። ነገ እኔም ብሞት በምን ስም ይጸለይላቸዋል?»

እርሳሷን አየኋት፤ ሁለቱ ወረቀቶች ትዝ አሉኝ። በፍተሻ ሲገኝ፣ ያ መርማሪ «ይህም ያንተ እጅ ነው» ሲለኝ ታየኝ። አያን ፈራሁ ብለው ይረዳኝ ነበር፤ ፍርሃትን የሚያውቅ ሰው ነው። እኔ ግን ፍርሃቴን የቄስ ቀሚስ አለበስሁት።

«አያ፣ የክርስትና ስም በድሪቶ ላይ አይጻፍም። ነውር ነው።»

«እንዲያ ይላል መጽሐፉ?»

«ይላል።»

የትም አይልም። ሽማግሌው ግን አመነኝ። «እንኳን ነገሩኝ፤ ሳላውቅ ልበድላቸው ነበር» አለና ጨርቁን ሳመ። እርሳሷንም መልሶ ለዘበኛው ሰጠው። ማመኑ ዛሬም ድረስ ያንገበግበኛል።

በክረምቱ ተስቦ ገባ። አያ ሦስት ቀን በትኩሳት ነደደ። በአራተኛው ቀን ጧት አንገቴን ስቦ አስጠጋኝ። የኔታም አንቱም ቀሩ።

«ልጄ፣ ያዝልኝ።»

ድሪቶውን ደረቱ ላይ ዘርግቶ መጥራት ጀመረ። በየስሙ ጣቱን ያሳርፋል፤ እኔም እየደገምሁ እይዛለሁ። ሰባት ስም ጠራ። ስምንተኛው እራፊ ላይ ሲደርስ ዓይኑ ፈዘዘና በሬዎቹን መጥራት ጀመረ። «ና ቦራ፣ ና ዳማ፣ ተመለስ!» እያለ ያርስ ነበር። እጁን ይዤ ወደ ጨርቁ ብመልሰው ጣቱ መንገዱን ሳተ። እኩለ ቀን ሳይሞላ አረፈ።

የቀሩትን አራት ስሞች ክፍሉን ሁሉ ጠየቅሁ። ሁላችንም በየጧቱ ሰምተናል፤ አንዳችንም አልያዝንም።

ዘበኞቹ ከመምጣታቸው በፊት ከጋቢው ጫፍ ቀደድሁ። መርፌውን ከጠጉሩ ውስጥ አወጣሁ። እጄ ስፌት አያውቅም፤ እየደማሁ እራፊውን ከድሪቶው ጋር ገጠምሁት። ከዚያ ክር መዝዤ የክርስትና ስሙን በትልልቁ ሰፋሁበት፤ የሰባቱንም ስም በየእራፊያቸው ላይ ቀስ በቀስ ጨረስሁ። በፍተሻ ዘበኛው አገኘው።

«ይህን ማነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

ጥፊ አቀመሰኝ። ጨርቁን ግን የተስቦ ቅማል ፈርቶ ነው መሰለኝ በእግሩ ወደ እኔ ገፋው። ምሕረት ተደርጎልኝ ስወጣ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌው ወጣሁ።

ስንት ዘመን ሣጥን ውስጥ ኖረ። የልጅ ልጄ ከአሮጌ ልብስ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሥዕል ትሰፋለች፤ የሟች ቀሚስ፣ የወታደር ኮት፣ የሕፃን መታቀፊያ እየሰበሰበች። «አባባ፣ ይህ እኔ ከሠራሁት ሁሉ ይበልጣል፤ እንስቀለው» ብላ ለመነችኝ። በእኛ ጊዜ ድሪቶ የሚደበቅ ችጋር ነበር፤ አሁን ማራኪ ሰፈር ባለ አዳራሽ በመብራት ሥር ሰቀለችው። ባዶዎቹን አራቱን በጥልፍ ላስውባቸው ስትል ግን እንቢ አልኋት። ፍርሃቴን ለራሴ ይቅር ብያለሁ፤ ወጣት ነበርሁ። ያን «ይላል» ያልሁትን ግን ይቅር ለማለት አቅም አጣሁ።

በሁለተኛው ቀን ነጠላ ያጣፋች፣ ጠጉሯ የሸበተ ሴት መጣች። ወሬውን ሰምታ ከእንፍራንዝ ነው የመጣችው።

«አያ፣ አባቴ እዚያ ወህኒ ቤት ነው የሞተ። እኔ ጡት አልጣልሁም ነበር። የክርስትና ስሙ ወልደ ሰንበት ነው። አለ?»

ስሙን ስትጠራ የሽማግሌው ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ መጣ። አዎ፣ ወልደ ሰንበት ይል ነበር፣ በየጧቱ። ግን ጣቱ የቱ ላይ ነበር? ባናው ላይ? ካኪው ላይ? እጄ ወደ ባናው ሊያመለክት ተነሥቶ ነበር፤ ደስ ብሏት በሄደች። መልሼ አወረድሁት።

«ከእነዚህ ከአራቱ አንዱ ነው፣ ልጄ። የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ጻፍ ተብዬ ነበር፤ ፈርቼ፣ ዋሽቼም አልጻፍሁም።»

የቤተ ክርስቲያን ደጅ እንደደረሰ ሰው ጫማዋን አወለቀችና ቀርባ አራቱንም አንድ በአንድ ሳመች።