በመጋቢት ውሃ የታጠበ ፌስታል

ፌስታል ስንት ጊዜ እንደሚታጠብ የሚጠይቀኝ ካለ እነግረዋለሁ፤ ሁለቴ። አንዴ ለእድፉ፣ አንዴ ለሽታው። ዛሬ ሳስበው በራሴ እናደዳለሁ።

ከንፋስ መውጫ ገበያ ስኳሩም ጨውም በፌስታል መምጣት በጀመረበት ዘመን፣ ራቅ ባለ የገጠር ቀበሌ አስተማሪ ነበርኩ። የጎረቤቴ የእማማ ላም ሆዷ ተነፍቶ ሞተች። ቆዳዋን የገፈፉት ሰዎች ጨጓራዋን ቢቀዱት የተድበለበለ ፌስታል ወጣ። እማማ ጧሪ የሌላቸው ባልቴት ናቸው። የቀረቻቸው ጥጃዋ ብቻ ነበረች፤ እሷንም እንዳያጡ ቀን ከሌት ይሰጋሉ።

በዚያው ሰሞን ከወረዳው ቢሮ አንድ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ በሞተር ብስክሌት መጣ። ፌስታሉን ሰብስበን ብንሰጠው መኪና ልኮ እንደሚያስጭነው፣ ፋብሪካ አቅልጦ ጀሪካን እንደሚያደርገው ነገረን። «ንጹሕ ከሆነ ብቻ ነው የሚቀበሉት» አለ። አፈ ቅቤ ነበር። ከሁሉ ቀድሜ ያመንኩት እኔ ነኝ።

ችግሩ፣ በኛ አገር የሰው ጥራጊ መልቀም ነውር ነው። መላ ያመጡት የነፍስ አባቴ ናቸው። ከቅዳሴ በኋላ ቆመው «ለሰንበቴ ስትመጡ ፌስታላችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ከብት ማዳንም ጽድቅ ነው» አሉ። ሰንበቴ እሁድ እሁድ ተረኛው ዳቦና ጠላ ይዞ የሚመጣበት የደጀ ሰላም ማኅበራችን ነው። አንድ ገበሬ «ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆንብን፣ መምህርት» ብሎ ወረፈኝ። «እኔ እያለሁ?» አልኩት። አዎ፣ አፌን ሞልቼ እንደዚያ አልኩት።

ነገሩ በቤተ ክርስቲያን በኩል ስለመጣ ሰው ሁሉ ፌስታሉን እንደ መባ አጠበው። ደጀ ሰላም የሚገባ ነገር እንዴት ያድፋል? ወሩ መጋቢት ነበር፤ ምንጩ መንምኖ ሴቱ ወረፋ የሚጠብቅበት። እማማ በሚያማቸው ጉልበት ቁልቁለቱን እየወረዱ ለፌስታል ማጠቢያ ውሃ ይቀዱ ነበር። የታጠበውን እሾህ አጥር ላይ ያሰጡታል። የጆንያዎቹን አፍ ከአሮጌ ቀይ ሹራቤ በተረተርኩት ክር አሰርኩ። መኪናው መጥቶ ሲጭን ባለሙያው ፎቶ አነሳን፤ እኛም እልል አልን።

ሰኔ ላይ ወደ ደብረ ታቦር ስሄድ የአውቶቡሱ ጎማ ፈነዳና አንድ ገደል አፋፍ ላይ ቆምን። ቁልቁል ባይ ጆንያ ተከምሯል። ተንሸራትቼ ወረድኩ። አፉ በቀይ ክር ታስሯል። ገሚሱ ተቀዶ የማላውቃቸው ሰዎች ከብቶች ከውስጡ ፌስታሉን ይለቃቅማሉ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ ከንዴት ብዛት እንጂ ከሐዘን አልነበረም።

ሰውዬውን ቢሮው ድረስ ሄጄ ያዝኩት። «ፋብሪካው በዚህ ርቀት አልቀበልም አለ፤ እኔ ምን ላድርግ?» አለኝ።

«ታዲያ ለምን አልነገርከንም?»

«ሪፖርቱ እኮ አልፏል። አንቺስ እዚያ ገደል ምን ልታደርጊ ወረድሽ?»

ጭራሽ ጥፋተኛዋ እኔ ሆንኩ።

በቀጣዩ ሰንበቴ ሁሉንም ልናገር ቆርጬ ሄድኩ። ገና ከመቀመጤ እማማ «መምህርት፣ ልፋታችን ደረሰልን?» አሉኝ። ያ ገበሬ ጽዋውን ይዞ አፍ አፌን ያየኛል። የነፍስ አባቴም ያዩኛል። «እኔ እያለሁ» ያልኩት ትዝ አለኝ።

«ደርሷል፣ እማማ። ጀሪካን ሆኗል» አልኩ።

«እሰይ! እንግዲያ ጥጃዬ ትተርፍልኛለች» አሉ። ከዚያ ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፈትተው፣ ታጥቦ የታጠፈ ፌስታል ሰጡኝ። «ይኸንንም ላኪልኝ፣ ልጄ።»

ያ ሰውዬ የከዳኝ አንዴ ነው። እኔ ግን ክረምቱን ሙሉ በየሰንበቴው ከእጃቸው እየተቀበልኩ ጓዳዬ ውስጥ አጨቅኩት። እሳቸውም በተቀበልኳቸው ቁጥር ይመርቁኛል።